የቤት መጠገኛ ዕቃ አመራረጥ፦ ስለ ሲሊኮን መግፊያና በባትሪ ስለሚሠራ ድሪል
(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የዕቃ አጥኚው ኮሚቴ ያሰማው ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ሦስታችንን መርጣችሁ «ቅሬው የቤት መጠገኛ ዕቃ ይግዛ ወይስ አይግዛ? የሚገዛ ከሆነስ የትኛው ይሻላል? አጥንታችሁ ቅረቡ» ብላችሁን ነበር። እኛም በአቅማችን ቆቦና ወልድያ ያሉትን የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ዞረን፣ ባለሙያዎችን ጠይቀን፣ ዕቃውንም በእጃችን ሞክረን ያገኘነውን ይዘን ቀርበናል።

ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ የማታስታውሱ የላችሁም። ባለፈው ነሐሴ ከአባሎቻችን አንዷ ባለቤታቸውን ባጡ ጊዜ ቅሬው እንደ ወጉ ድንኳኑን ተክሎ፣ አግዳሚውን ደርድሮ፣ እንጀራውንና ንፍሮውን አቅርቦ ሐዘንተኛዋን አስተዛዝኗል። በሁለተኛው ሌሊት ግን ዶፍ ጣለ። ድንኳኑ ውሃውን ሲችል ቤቱ አልቻለም። ጣራው በሦስት ቦታ አፈሰሰና ሐዘንተኛዋ የተቀመጡበት ፍራሽ ራሰ። ሳፋና ባልዲ ስንለዋውጥ አደርን። ሲነጋ ከወጣቶቻችን አንዱ ለደግ ብሎ፣ ቆርቆሮው ሳይደርቅ ብቻውን ወጣ። አንሸራተተውና ወደቀ። ፈጣሪ ይመስገን፣ እግሩ ተሰብሮ ነፍሱ ተረፈች። ለአንድ ለቅሶ የተተከለው ድንኳን ለሌላ ለቅሶ ሳይነቀል ሊቆይ ጥቂት ነበር የቀረው።

ከዚያ በኋላ ያንን ጣራ የጠገንነው እኛው ነን፤ ያበላሸነውም እኛው ነን። ይህን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ርካሽ ነው ብለን አንድ የሲሊኮን መግፊያ ገዛን። ሁለተኛውን ቱቦ ሳይጨርስ አካሉ ጎበጠ፣ ዘንጉም እየተንሸራተተ መግፋት አቆመ። ሲሊኮኑንም ስንገዛ ዓይነቱን አልጠየቅንም። በጥቅምት ወጥተን ብናይ የቀባነው ሁሉ እንደ ቆዳ ይላጥ ነበር፤ ከሥሩም ቆርቆሮው ነጭ ዱቄት አውጥቶ ነበር። ገንዘቡም ድካሙም በከንቱ ቀረ። እንግዲህ ዛሬ የምንነግራችሁ በአብዛኛው ከዚያ ስሕተት የተማርነውን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሲሊኮን መግፊያው እንናገር። በገበያ «ሲሊኮን ጋን» ሲሉት ትሰማላችሁ። የሲሊኮኑን ቱቦ የሚያቅፍ አካል፣ ከኋላ የሚገፋ ዘንግና እንደ ጠመንጃ ቃታ ያለው እጀታ አለው። በየመደብሩ ያለው ቱቦ ብዙውን ጊዜ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስመር ብናወጣበት ከ10 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ይሄድልናል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሚደፈነውን በሜትር ለክታችሁ ስንት ቱቦ እንደሚበቃ ማወቅ ትችላላችሁ።

መግፊያ ሲመረጥ አራት ነገር ይታይ።

አንደኛ፣ አካሉ። ቱቦውን የሚያቅፈው ብረት በእጅ ሲጠመዘዝ የሚታጠፍ ከሆነ ይተው። እኛን የጎዳን ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ዘንጉ። አንዳንዱ ዘንግ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፤ በገፋችሁት ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላል። ሌላው ልሙጥ ነው። ልሙጡ ሲሊኮኑን እኩል አድርጎ ያወጣል፤ ባለ ጥርሱ ግን አንድ ጊዜ ያበዛዋል፣ አንድ ጊዜ ያሳንሰዋል። ልሙጡን እንድትመርጡ እንመክራለን።

ሦስተኛ፣ የመግፋት ኃይሉ። በደኅናዎቹ መግፊያዎች ላይ «12 ለ 1» ወይም «18 ለ 1» የሚል ተጽፎ ይገኛል። ትርጉሙ ቃታውን በ1 ኪሎ ኃይል ስንስብ ዘንጉ በ12 ወይም በ18 ኪሎ ኃይል ይገፋል ማለት ነው። ለተራ ሲሊኮን 12ቱ ይበቃል። ለሲሚንቶ ስንጥቅ የሚሆነው ፖሊዩሪቴን የሚባለው ማሸጊያ ግን ድርቅ ያለ ስለሆነ 18 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እጃቸው ለደከመ እናቶችና አባቶችም ቁጥሩ ከፍ ያለው ይቀላል።

አራተኛ፣ ማቆሚያው። ከኋላ በአውራ ጣት የሚጫኑት ትንሽ ብረት አለ። ሲጫኑት ግፊቱ ወዲያው ካልለቀቀ ሲሊኮኑ እጅና ግድግዳ ላይ እየተንጠባጠበ ግማሹ ይባክናል። ከእጀታው ጋር የቱቦ ጫፍ መቁረጫና መብሻ ሽቦ ያለውም አለ፤ ቢኖረው ጥሩ ነው፣ ባይኖረውም በቢላዋና በረዥም ምስማር ይሠራል።

መደብር ስትሄዱ ያለቀ ባዶ ቱቦ ይዛችሁ ሂዱ። አስገቡት፣ ቃታውን ሳቡት፣ ማቆሚያውን ተጫኑት። ባለ ሱቁ «አትሞክር» ካለ ሌላ ሱቅ አለ። በባትሪ የሚገፋም ሲሊኮን መግፊያ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ሲደፍን ለሚውል ባለሙያ ይጠቅማል እንጂ ለእኛ ለዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ሥራ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ነገር ሲሊኮኑ ራሱ ነው። መግፊያው የቱንም ያህል ቢያምር የሚገፋው ነገር የተሳሳተ ከሆነ ዋጋ የለውም። ሲሊኮን በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ነው። ለመስታወትና ለሸክላ ንጣፍ፣ ለመታጠቢያ ቤት ይሆናል። ነገር ግን የሚሸተው አሲድ ስለሆነ ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀውን የዚንክ ቅብ ይበላዋል፤ ሲሚንቶ ላይም ደኅና አይዝም። እኛ ያየነው ነጭ ዱቄት የመጣው ከዚህ ነው። ሁለተኛው «ኒውትራል» የሚባለው ነው፤ ኮምጣጤ አይሸትም። ለቆርቆሮ፣ ለአሸንዳና ለብረት መስኮት የሚገዛው ይህ ነው። በቱቦው ላይ የተጻፈውን ማንበብ የማይችል ሰው የሚያነብ ልጅ ይዞ ይሂድ።

ከዚህም ሌላ አክሪሊክ የሚባል አለ። ይህ በኮርኒስና በግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ከውስጥ ለመድፈን ጥሩ ነው፤ ቀለምም ይቀባበታል። ሲሊኮን ግን ቀለም አይቀበልም። ስለዚህ ቀለም የሚቀባ ግድግዳ ላይ ሲሊኮን አታድርጉ።

አገራችን ቆላ ስለሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው፣ በጋለ መጋዘን ብዙ የቆየ ቱቦ ውስጡ ይደርቃል ወይም ይበላሻል፤ ስለዚህ የአገልግሎት ዘመኑ ያላለፈ መሆኑን ተመልከቱ፣ ቱቦውንም ከኋላ በጣት ጫን ጫን አድርጉት። ሁለተኛው፣ ሲሊኮን የሚደርቀው በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ነው። በበጋችን ደረቅ አየር ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢደርቅ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ደጅ ላይ ከደረሰ በኋላ አይሠራም። ቦታውም ደርቆ፣ አቧራውና ዝገቱ በብረት ብሩሽ ተጠርጎ መሆን አለበት። የቆላ አቧራ ላይ የተቀባ ሲሊኮን የሚይዘው አቧራውን እንጂ ቆርቆሮውን አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቆርቆሮው መጀመሪያውኑ ለምን ያፈስሳል? ብዙዎቻችን ቆርቆሮ ያረጀ ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የምስማሩ ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። የ40 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር 2 ሜትር የሚሆን ቆርቆሮ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል፣ ተመልሶም ይሰበሰባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ምስማሩን እየነቀነቀ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በሲሊኮን ብቻ ብንደፍነው ምስማሩ መነቃነቁን ስለማይተው ተመልሶ ይከፈታል። መፍትሔው የላላውን ምስማር ነቅሎ በምትኩ ከሥሩ የጎማ ዋሸር ያለው ብሎን ማሰር ነው። የሚታሰረውም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውሃው የሚሄደው በሸለቆው ነውና። ቀድሞ በሸለቆ የተመታ ምስማር ካለ ነቅሎ ቀዳዳውን በኒውትራል ሲሊኮን መድፈን ነው።

በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን በደረሰ ጊዜ በጥይትና በፍንጣሪ የተበሳ ጣራ ያላቸው አባሎች ዛሬም አሉ። እንዲህ ያለው ሰፊ ቀዳዳ በሲሊኮን ብቻ አይደፈንም። ከቀዳዳው በሁሉም በኩል ተርፎ የሚያልፍ ቁራጭ ቆርቆሮ መቁረጥ፣ የላይኛውን ጫፍ ካስቻለ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ማስገባት፣ በመካከል ሲሊኮን አድርጎ በብሎን ማሰር ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ብሎን በካቻቢቴ እናስር ብንል እጃችን ይላጣል፣ ጣራ ላይም ብዙ እንቆያለን። በባትሪ የሚሠራው ድሪል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጣራ ላይ የሚጎተት ገመድ የለውም፤ ገመድ ደግሞ እግር ይጠልፋል፣ ርጥብ ቆርቆሮ ላይ ከተላጠም ሰው ይገድላል። ዕቃው አዲስ ነገር አይደለም፤ የአሜሪካው ብላክ ኤንድ ዴከር ኩባንያ በባትሪ የሚሠራ ድሪል ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። የዛሬዎቹ በሊቲየም ባትሪ ስለሚሠሩ ከድሮዎቹ ይልቅ ቀላልና ብርቱ ናቸው።

ድሪል ስንመርጥ መጀመሪያ የምናየው ባትሪውን ነው። አንዱ የሊቲየም ሴል 3.6 ቮልት ያህል ነው፤ ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። 5 ሴል ሲደመር 18 ቮልት፣ ሲሞላ 21 ይሆናል። ስለዚህ 18፣ 20 እና 21 ተብሎ የተጻፈባቸው ድሪሎች ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ባትሪ ነው ያላቸው። 3 ሴል ያለው ደግሞ 12 ይባላል። በገበያ ግን 48 ወይም 88 በሚል ትልቅ ቁጥር ያጌጡ ርካሽ ድሪሎች አሉ። ቁጥሩ የንግድ ስም እንጂ ቮልት አይደለም፤ አትታለሉ። ከፍተን ያየነው አንዱ 5 ሴል ብቻ ነበረው።

ከቮልቱ ቀጥሎ «አምፔር ሰዓት» የሚለውን እዩ። ሁለቱን ብታባዙ ባትሪው የሚይዘውን ጉልበት ታገኛላችሁ። 18 በ2 ሲባዛ 36 ዋት ሰዓት፣ 18 በ4 ሲባዛ 72 ነው። 4ቱ ሁለት እጥፍ ይሠራል፣ ይከብዳልም። ለእኛ አንድ ትልቅ ባትሪ ከመግዛት ባለ 2 ሁለት ባትሪ መግዛት ይሻላል ብለናል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላልና፣ አንዱ ቢበላሽም ሥራ አይቆምምና። የአንዱ ፋብሪካ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ለሌላው ፋብሪካ ድሪል አይገባም። ስለዚህ ዛሬ አንዱን ከመረጥን ነገ ግራይንደር ወይም መጋዝ ብንጨምር ከዚያው ዓይነት መሆን አለበት። ትርፍ ባትሪው ለብቻው በገበያ የማይገኝ ድሪል አይገዛ።

ሌላው፣ በአፉ ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ነው። የማጥበቂያውን ኃይል ይወስናል፤ ብሎኑ በቃ ሲል ራሱ ያቆማል። ይህ ከሌለ ብሎኑ ከልክ በላይ ጠብቆ ጎማውን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ጎማ ደግሞ ውሃ ያስገባል። ፑንታውን የሚነክሰው አፍ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢይዝ ለቤት ሥራ ይበቃል። ብሎኬትና ኮንክሪት መብሳት ካለ እየመታ የሚበሳውን ዓይነት መምረጥ ነው፤ ለቆርቆሮና ለእንጨት ብቻ ከሆነ ግን አያስፈልግም። ድሪሉን በአንድ እጅ ከፍ አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ያዙት። ክንድ የሚያዝል ከሆነ መሰላል ላይ አደጋ ነው።

ድሪል ቢኖርም ምስጥ የበላው እንጨት ብሎን አይዝም። ስለዚህ ብሎን ከመግባቱ በፊት ከውስጥ በኩል ሞራሌውን በመዶሻ ኳኳ አድርጎ ማዳመጥ ነው። ባዶ ድምፅ ከሰጠ መጀመሪያ እንጨቱ ይቀየር።

ስለ መብራት ደግሞ እንናገር። መብራት እንደሚጠፋብን ሁላችንም እናውቃለን፤ በጦርነቱ ጊዜ ሳይኖር የቆየባቸውንም ወራት አንረሳም። ባትሪው መብራት ባለበት ቀን ተሞልቶ ይቀመጣል፤ ይህ ከገመዱ ድሪል አንድ ብልጫው ነው። ለአምፖል የተተከለች ትንሽ የፀሐይ መብራት ግን የድሪል ቻርጀር አትችልም፤ ቻርጀሩ 220 ቮልት ይፈልጋልና። ስለዚህ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያና ደኅና ካቻቢቴ ከዕቃ ቤታችን አይጥፋ። ባትሪ ሙቀት አይወድም። በቀትር ቆርቆሮ ላይ አይተውም፤ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት አይሞላም። ጣራ ላይ ከዋለ በኋላ በጥላ ሥር ቀዝቅዞ ይሞላ። ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ በግማሽ ተሞልቶ ይቀመጥ። ያበጠ ባትሪ ፈጽሞ አይሞላ፤ በማንም ቤት ፍራሽ አጠገብ ሌሊቱን እየሞላ አይደር። እሳት ያስነሣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ከአባቶቻችን አንዱ በጥናታችን ጊዜ «ቅሬ የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ የቆርቆሮ ነገር ምን አገባው?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቅሬያችን ገንዘብ የተዋጣው ማንም አባል፣ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ያለ ወግ እንዳይቀበር ነው፤ ይህ ከምንም በፊት ይቀድማል። ነገር ግን የለቅሶ ቤት ጣራ ካፈሰሰ ማስተዛዘናችን ጎደሎ ነው። በአዲስ አበባም ያሉ ዕድሮች ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በኤድስ ምክንያት ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን በመርዳት ከቀብር ያለፈ ሥራ ሠርተዋል። ከዚህም በላይ በየቤታችን እየተበደርነው የምንወጣው መሰላልና ዕውቀት የጎደለው አወጣጣችን ራሱ ለቅሬው ሥራ እየፈጠረለት ነው። የተሰበረውን እግር ሁላችሁም ጠይቃችኋል።

ድሪል በየቤቱ እንግዛ ብንል ብዙዎቻችን አንችልም፤ ብንችልም በዓመት ሁለት ቀን ሠርቶ ባትሪው ሣጥን ውስጥ ያረጃል። ድንኳኑንና ድስቱን በየቤታችን አልገዛንም፤ በጋራ ገዝተን በተራ እንጠቀማለን። ስለዚህ ኮሚቴያችን የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል።

1ኛ/ ቅሬው አንድ ልሙጥ ዘንግ ያለው ሲሊኮን መግፊያ፣ አንድ ባለ 18 ቮልት ድሪል ከሁለት ባትሪ ጋር፣ አንድ ጠንካራ መሰላልና አንድ ወፍራም ገመድ ይግዛ። ወጪው ለቀብር ከተቀመጠው ገንዘብ ሳይሆን ከቅጣትና ከዕቃ ኪራይ ከሚገኘው ይሁን። ዋጋው እየተለዋወጠ ስለሆነ ከሦስት መደብር የዋጋ ማቅረቢያ ይሰብሰብ።

2ኛ/ ዕቃው ከድንኳኑ ጋር በዕቃ ቤት ኃላፊው እጅ በመዝገብ ይያዝ። የተዋሰ አባል በሦስት ቀን ውስጥ አጽድቶ፣ ባትሪውን ሞልቶ ይመልስ። ሲሊኮኑንና ብሎኑን ራሱ ይግዛ። በቸልተኝነት ያበላሸ ይክፈል፤ በአገልግሎት ያረጀውን ቅሬው ይቻል።

3ኛ/ ማንም ሰው ብቻውን ጣራ ላይ አይውጣ። አንድ ሰው መሰላል ይያዝ። ርጥብ ቆርቆሮ ላይ፣ በቀትርም የጋለ ቆርቆሮ ላይ አይወጣ። እግር የሚረገጠው ምስማር በተደረደረበት መስመር ላይ ነው፤ እንጨቱ ያለው ከዚያ ሥር ነውና። ይህን የጣሰ ዕቃውን ዳግመኛ አይዋስ።

4ኛ/ በየዓመቱ በሚያዝያና በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ወጣቶቻችን ረዳት የሌላቸውን አረጋውያንና ባሎቻቸውን ያጡ እናቶችን ጣራ በተራ እየዞሩ ይመልከቱ። ለእነዚህ ቤቶች ሲሊኮንና ብሎኑን ቅሬው ይቻል። በዚያውም ያለ ወንፊት የቀረ መስኮት ካለ ወንፊት ይምቱለት፤ የቆላ ወባ የሚገባው በዚያ ነውና።

የመጀመሪያው ሥራችን የዚያች ሐዘንተኛ እናት ጣራ እንዲሆን እንለምናለን። ያበላሸነውን ሲሊኮን ፍቀን አንሥተን፣ በኒውትራል ደፍነን፣ በብሎን አስረን እስክንጨርስ ድረስ ያለብን ዕዳ ነው። የሲሊኮኑን ዋጋ ሦስታችን ከኪሳችን ለመክፈል ተስማምተናል። ወድቆ የነበረውም ወጣት፣ እግሩ ድኖ፣ «እኔ ከታች መሰላል እይዛለሁ» ብሎናል።

ሐሳቡን ማጽደቅም መጣልም የእናንተ የአባሎች ሥልጣን ነው። የጎደለ ካለ ሙሉበት፣ የተሳሳትነውን አርሙን። የከርሞ ሰው ይበለን።